ለባዶ ቦታ የሚከፈል የፖስታ ሂሳብ

ሽሮ ሜዳ የተሸመነ አንድ ጋቢ 1 ኪሎ ከ700 ግራም ይመዝናል እንበል። ሻጩ በኢንተርኔት ሜሪላንድ፣ አሜሪካ የሚኖር ገዢ አግኝቶለታል። ጋቢውን ጥሩ አድርጎ አጥፎ፣ 40 በ40 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ወደ አንድ የፈጣን መልእክት ድርጅት ይዞት ይሄዳል። ሚዛን ላይ ከነካርቶኑ ከሁለት ኪሎ ብዙም ያልዘለለው ዕቃ ደረሰኙ ላይ የስምንት ኪሎ ሂሳብ ይጻፍበታል። ሻጩ የተጭበረበረ ይመስለዋል። ሆኖም ሂሳቡ ትክክል ነው።

ዲኤችኤል፣ ፌዴክስ፣ ዩፒኤስና ሌሎችም ዓለም አቀፍ ፈጣን መልእክት አድራሾች አንድን ጥቅል በሁለት መንገድ ይመዝናሉ። አንደኛው ሚዛኑ የሚያሳየው ክብደት ነው። ሁለተኛው የመጠን ክብደት የሚባለው ሲሆን፣ የሚገኘውም የጥቅሉ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል ነው። ከሁለቱ የበለጠው ለክፍያ ይያዛል። 40 በ40 በ25 ሲባዛ 40,000 ይመጣል፤ ለ5,000 ሲካፈል 8 ኪሎ ይሆናል። አሠራሩ የመጣው የአውሮፕላን ሆድ ቀላልና ግዙፍ ዕቃ ሲጫንበት ገና ሳይከብድ ስለሚሞላ ነው። ቦታ የያዘ ሁሉ ይከፍላል።

ያንኑ ጋቢ ጠቅልሎ፣ አየሩን በእጅ ወይም አየር በሚመጥ የላስቲክ ከረጢት አስወጥቶ፣ 35 በ25 በ10 ሳንቲ ሜትር ወደሆነ ጥቅል ማውረድ ይቻላል። 8,750 ለ5,000 ሲካፈል 1.75 ኪሎ ነው። በቀጭን የፕላስቲክ ፖስታ ሲታሸግ ሚዛን ላይ 1.8 ኪሎ ግድም ይመጣል። ድርጅቶቹ ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ስለሚያጠጋጉት የሁለት ኪሎ ሂሳብ ይከፈልበታል። ጋቢው፣ አድራሻውና አጓጓዡ አልተለወጡም፤ ሂሳቡ ግን ከ8 ኪሎ ወደ 2 ኪሎ ወርዷል።

ቅናሽ ከመጠየቅ በፊት

አነስተኛ ነጋዴ የመላኪያ ወጪ ሲከብደው መጀመሪያ የሚታየው ቅናሽ መለመን ነው። ቅናሽ መጥፎ አይደለም፤ በየወሩ የሚልክ ደንበኛ ውል ገብቶ የተሻለ ተመን ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን በስምንቱ ኪሎ ላይ ሃያ በመቶ ቢቀነስለት እንኳ የሚከፍለው ለ6.4 ኪሎ የሚሆን ሂሳብ ነው፤ ይህም ያለምንም ቅናሽ በደንብ ከተጠቀለለው ጋቢ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚተርፈው ወይም የሚፈሰው ዕቃው የሚታሸግበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሜትርና የወጥ ቤት ሚዛን የሌለው የኢንተርኔት ሻጭ ትርፉን በግምት እየበተነ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። የዓለም አቀፍ አጓጓዦች ሂሳብ መሠረቱ የውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በተያዘ የተመን ወረቀት ላይ ተመሥርቶ «መላኪያ በነፃ» እያለ ማስታወቂያውን የተወ ነጋዴ በሸጠ ቁጥር ከኪሱ ጨምሯል። ከዚህም ሌላ የነዳጅ ጭማሪና የሩቅ አካባቢ ጭማሪ የሚባሉ ክፍያዎች አሉ። የነዳጁ ጭማሪ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ባለፈው ወር የተከፈለው ሂሳብ ለዚህ ወር ዋጋ ማውጫ አይሆንም።

አጠቃለሉ እንደ ዕቃው ይለያያል። ጋቢና ቡሉኮ ቢጨመቁ አይጎዱም። ጥልፍ ወይም ሰፊ ጥበብ ያለው ቀሚስ ግን አየሩ ተመጥጦ ከታሸገ ጥልፉ ይጎብጣል፣ የወርቅ ቀለም ያለው ክር ይሰበራል፤ ገዢዋ ፎቶ አንስታ «እንዲህ ሆኖ ደረሰኝ» ስትል የተቆጠበው የፖስታ ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ልብስ በለስላሳ ወረቀት ላይ ተጠቅልሎ ቢታሸግ ይሻላል። ነጠላ በጠንካራ የፕላስቲክ ፖስታ ያለካርቶን ይሄዳል። ካርቶን የግድ የሚሆነው ሸክላ፣ ጀበናና ሲኒ ለመሰለ ተሰባሪ ዕቃ ነው። እዚያም ላይ ቢሆን ለአምስት ሲኒ የአሥር ሲኒ ካርቶን መጠቀም ባዶውን በጋዜጣ ሞልቶ ለባዶው መክፈል ነው።

መሶብ ለብቻው መታየት አለበት። 45 በ45 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሶብ በመጠን ክብደት 24.3 ኪሎ ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ቢወጣ የዚህን ሲሶም ላይመዝን ይችላል። በአየር ጭነት ቢላክ ማካፈያው በተለመደው አሠራር 6,000 ስለሆነ ወደ 20 ኪሎ ከ250 ግራም ይወርዳል፤ የኪሎው ዋጋም ከፈጣን መልእክት ያነሰ ነው። ቢሆንም አንድ መሶብ ለብቻው የሚያዋጣበት መንገድ ጠባብ ነው። መሶብ የሚሸጥ ነጋዴ ትናንሾቹን በትልቁ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ብዙ ካልላከ በቀር፣ ሰፌድና ጠፍጣፋ ስፌት ላይ ቢያተኩር ሂሳቡ ይቀናዋል።

ግማሽ ኪሎ የሚባል ወጥመድ

የመላኪያ ተመን እንደ ደረጃ ነው፤ ደረጃውን በአንድ ግራም ያለፈ የሚቀጥለውን ደረጃ ሙሉ ይከፍላል። በርበሬ በግማሽ ኪሎ እያሸገ የሚሸጥ ነጋዴ ይታሰብ። 500 ግራም በርበሬ ከነከረጢቱና ከነፖስታው 540 ግራም ይሆናል፤ የአንድ ኪሎ ሂሳብ ይከፈልበታል። ይኸው ነጋዴ ከረጢቱን 450 ግራም አድርጎ፣ ይህንኑ በግልጽ ጽፎና ዋጋውን በዚያው ልክ አስተካክሎ ቢሸጥ ጥቅሉ 490 ግራም ይመጣና በግማሽ ኪሎው ደረጃ ውስጥ ይቀራል። የሸማቹን 50 ግራም መስረቅ ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑ በከረጢቱ ላይ እስከተጻፈ ድረስ ግን ማንም አልተበደለም።

ከደረጃዎቹ ሁሉ ውዱ የመጀመሪያው ነው። መረከቡም፣ ሰነዱም፣ ቤት ድረስ ማድረሱም በእሱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቀጥሎ የሚጨመረው ግማሽ ኪሎ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ይረክሳል። በመሆኑም አንድ ደንበኛ ማክሰኞ ነጠላ፣ ሐሙስ ደግሞ መቀነት ካዘዘች ሁለቱን በአንድ መላክ ያዋጣል። ብልህ ሻጭ የመላኪያ ቀኑን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያደርግና ይህንኑ አስቀድሞ ለደንበኞቹ ያሳውቃል። «ሁለተኛ ዕቃ ቢጨምሩ መላኪያው ይህን ያህል ብቻ ነው» ብሎ መጻፍም ብዙ ጊዜ ከዋጋ ቅናሽ የበለጠ ገዢን ያደፋፍራል።

ለአሜሪካ የምግብ ዕቃ የሚልክ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ለንግድ የሚላክ ምግብ አገር ከመግባቱ በፊት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቅድሚያ እንዲታወቅ መደረግ አለበት። ይህ ያልተደረገለት በርበሬ ወይም ሽሮ ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የተከፈለው ፖስታ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነው።

ፖስታ ቤት ወይስ ፈጣን መልእክት

በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ በብዙ የከተማ ነጋዴዎች ዘንድ የተረሳ ይመስላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በመሆኗ፣ አነስተኛ ጥቅል የሚባለው የፖስታ ዓይነት እዚህም ሆነ ውጭ አገር የሚመራው በአንድ ደንብ ነው። ክብደቱ እስከ 2 ኪሎ፣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ሲደመር እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ጎኑ ደግሞ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በዚህ ወሰን ውስጥ ያለ ጥቅል በአብዛኛው የሚከፈልበት ሚዛን ላይ በሚታየው ክብደት ብቻ ነው።

ከላይ ወደተጠቀሰው ጋቢ እንመለስ። በካርቶኑ ውስጥ ሳለ የሦስቱ ጎኖች ድምር 105 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ አልፎ ስለነበር ፖስታ ቤት እንደ አነስተኛ ጥቅል አይቀበለውም። ተጨምቆ ሲታሸግ ግን ድምሩ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ በታች ሆነ፤ በሩ ተከፈተለት። ከዚህ በላይ ለሆነ ዕቃ የፖስታ ጥቅልና የፖስታ ቤቶች የራሳቸው ፈጣን አገልግሎት የሆነው ኢኤምኤስ አሉ፤ የሦስቱን ተመን ከግል ድርጅቶች ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ማወዳደር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የፖስታው ጉድለት ጊዜ ነው። ገዢው ለሠርግ የፈለገውን ልብስ በዘገምተኛው መንገድ ልኮ መጨነቅ አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ጥድፊያ ያለበት ገዢ ለፈጣኑ መክፈሉን ራሱም አይጠላውም። የሁሉንም ገዢ ዕቃ በፈጣን መንገድ መላክ ግን የማንም ግዴታ አይደለም። ምርጫውን ለገዢው ሰጥቶ ሁለት ዋጋ ማቅረብ ይሻላል።

መቆጠብ የማይገባው የክትትል ቁጥሩ ላይ ነው። በአደራ የተላከ ጥቅል ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝና ሁለት የአገር መለያ ፊደል ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። ተራ ሆኖ የተላከው ይህ የለውም። ገዢው «አልደረሰኝም» ሲል የኢንተርኔት ገበያዎችና ክፍያ አገናኝ ድርጅቶች የሚጠይቁት የመድረሱን ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ሻጭ ዕቃውንም፣ ገንዘቡንም፣ ፖስታውንም ያጣል። ዋጋው አነስተኛ ለሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለአንድ መቀነት፣ ሻጩ ጉዳቱን ቻል አድርጎ በተራ ሊልክ ይችል ይሆናል። ለቀሚስ ግን እንዲህ ማድረግ ቁማር ነው።

ነሐሴ 2017 ያመጣው ጣጣ

እስከዚያ ድረስ ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ወሰኑ ከ200 ወደ 800 ዶላር ያደገው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጓንግዡ ያሉ ትንንሽ ሻጮች የለመዱት በዚህ ነፃነት ነበር። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ነፃነቱ ለሁሉም አገር ቀረ። ቀረጡን ማን አስልቶ ማን እንደሚሰበስብ ግልጽ ባለመሆኑ በዚያ ሰሞን ከ80 የሚበልጡ ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ የሚልኩትን በሙሉ ወይም በከፊል አቋርጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመኑም አሠራሩም ተለዋውጧል። ስለሆነም ነጋዴ ዋጋ ከመናገሩ በፊት በዚያው ሳምንት የሚሠራበትን ከአጓጓዡ መስኮት መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ ለሻጩ የፖስታ ወጪ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀረጡ አስቀድሞ ካልተከፈለ አጓጓዡ ገዢውን በር ላይ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ያልጠበቀው ሂሳብ የመጣበት ገዢ «አልቀበልም» ይላል። ያልተወሰደው ዕቃ ሲመለስ የመመለሻው ሂሳብ ላኪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሻጩ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ቀረጡን በዋጋው ውስጥ አስገብቶ ራሱ ይከፍላል፣ ወይ ገዢው እንደሚከፍል ከሽያጩ በፊት በግልጽ ይጽፋል። ለአነስተኛ ሻጭ የመጀመሪያው ይበጃል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ቢመስልም ክርክር አያመጣም።

አውሮፓም ከዚህ የተለየች አይደለችም። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2021 አንስቷል። እንግሊዝ ደግሞ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን የ15 ፓውንዱን ነፃነት አስቀርታለች።

እዚህ ላይ የቆየ ልማድ አለ፤ የ120 ዶላር ቀሚስ ልኮ በጉምሩኩ ቅጽ ላይ «ስጦታ፣ 20 ዶላር» ብሎ መጻፍ። ሐሰት መሆኑ ሳይነሳ ሂሳቡ ራሱ አያስኬድም። ዕቃው ቢጠፋ የሚካሰው በተጻፈው ዋጋ ነው፤ መቶ ዶላሩ ቀረ ማለት ነው። ጉምሩክ ቢጠራጠርና ጥቅሉን ቢከፍት ደግሞ መዘግየቱ፣ ቅጣቱና የገዢው ቅሬታ ይከተላሉ። የዕቃውን ስም በዝርዝር፣ «ከጥጥ በእጅ የተሸመነ የሴት ቀሚስ» ብሎ ከነታሪፍ ቁጥሩ መጻፍ ጥቅሉን ያፋጥነዋል። «ልብስ» ብቻ የተባለ ጥቅል ግን ሲመረመር ይከርማል።

ዕቃውን አስቀድሞ ማሻገር

ተመሳሳይ ዕቃ ደጋግሞ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ አንድ እያለ ውቅያኖስ ማሻገሩን ሊተወው ይችላል። አርባ ጋቢና ስልሳ ነጠላ በአንድ የአየር ጭነት ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ወኪል ተልኮ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ ፖስታ ለየገዢው ቢበተን የአንዱ ዕቃ የመላኪያ ድርሻ በእጅጉ ይወርዳል። ዋጋው ከ2,500 ዶላር ያልበለጠ ጭነት በአሜሪካ ጉምሩክ ቀለል ባለው ሥርዓት ሊስተናገድ ይችላል። ልብሶቹ የተሠሩበት አገርና የክራቸው ዓይነት በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ምልክት ሊሰፋባቸው ግን ይገባል።

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 9 ቀን 2023 ጀምሮ ግራውንድ አድቫንቴጅ የሚባል የጥቅል አገልግሎት አለው። ከአንድ ፓውንድ በታች የሆነውን በአውንስ ይመዝናል፣ የክትትል ቁጥርና የ100 ዶላር ዋስትና አብሮት አለ። ነጠላ ለዚህ የተፈጠረ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ወኪሉ ተለጣፊውን በኮምፒዩተር ገዝቶ ቢያትም ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ከሚከፈለው ያነሰ ይከፍላል።

ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ገንዘብ በዕቃ ታስሮ ይቀመጣል፤ ያልተሸጠው ልክ እዚያው ይከማቻል፤ ወኪሉም ዘመድ ቢሆን የዕቃ መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ ዝምድና ሂሳብ አያስታርቅም። በልክ የሚሰፋ ቀሚስም በዚህ መንገድ አይሆንም፤ ለጋቢ፣ ለነጠላና ለፎጣ ግን ያዋጣል።

በመንገደኛ ሻንጣ መላክም የታወቀ ነው። ለዘመድ የሚሄድ ስጦታ አንድ ነገር ነው፤ ለሽያጭ የታሰበ ዕቃ ግን መንገደኛው ለጉምሩክ ማስታወቅ ያለበት የንግድ ዕቃ ነው፤ ቢያዝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ነጋዴው አምስት ኪሎ ለማትረፍ ብሎ አክስቱን ጣጣ ውስጥ ባይከት ጥሩ ነው።

ተመላሽ ዕቃ

ከሁሉ የከፋው የፖስታ ወጪ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ነው። ልብስ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ስላልሆነ ነው። «ሚዲየም» የሚለው ቃል ሽሮ ሜዳና አትላንታ ላይ አንድ አይደለም፤ የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ በሳንቲ ሜትርም በኢንችም ቢጻፍ፣ ገዢዋም ልኳን ጽፋ እንድትልክ ቢደረግ ብዙው ይድናል። አድራሻም እንዲሁ። የአሜሪካ አድራሻ ያለ ዚፕ ኮድ፣ የአፓርትመንት አድራሻ ያለ ቤት ቁጥር አይሞላም፤ አድራሻ ለማረም አጓጓዦቹ ለብቻው ያስከፍላሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲላክ ደግሞ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የግል ፈጣን መልእክተኞች ለሳጥን ስለማያደርሱ የተቀባዩ ስልክና የሕንፃው ስም ያስፈልጋል።

ዕቃው ተመልሶ አዲስ አበባ ቢመጣ እንደ ማንኛውም የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ከዚህ የሚያድነው መጀመሪያ ከአገር የወጣበት ሰነድ ነው፤ የፖስታ ደረሰኙ፣ የጉምሩክ ቅጹ ቅጂና የሽያጭ ደረሰኙ ዕቃው ገዢው እጅ ገብቶ የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በአንድ ፋይል መቀመጥ አለባቸው። የተመለሰው ዕቃ ዋጋው ከመመለሻው ፖስታ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ለገዢው ግማሹን ገንዘብ መልሶ ዕቃውን እዚያው መተው ይረክሳል። ብዙ ገዢዎችም በዚህ ይስማማሉ።